የጥሩምባው ሒሳብ በማን ላይ ነው?

በአሜሪካ የሕዝብ ትምህርት ቤት ገብቶ ለመማር ገንዘብ አይጠየቅም። ወላጅ የንብረት ግብሩን ይከፍላል፣ ልጅ በቢጫው አውቶቡስ ይሄዳል፣ መጽሐፉን ይቀበላል፣ ይማራል። ይህ ሥርዓት ከሚላላባቸው ቦታዎች አንዱ የሃይስኩል ማርሽ ባንድ ነው። ትምህርት ከመከፈቱ ሁለትና ሦስት ሳምንት አስቀድሞ፣ ልምምዱ በጠራራ ፀሐይ ሲጀመር፣ ልጁ አንድ ወረቀት ይዞ ቤት ይገባል። የባንድ ክፍያ፣ ጫማ፣ ጓንት፣ ከዩኒፎርሙ ሥር የሚለበስ ቲሸርት፣ የልምምድ ካምፕ፣ የጉዞ ቀን ምግብ፣ የመሣሪያ ኪራይ። ድምሩ እንደየሰፈሩ ይለያያል፤ አንዱ ጋ ጥቂት መቶ ዶላር፣ ሌላው ጋ ከሺህ ዶላር የሚያልፍ ነው። ባንዱ ለትልቅ ሰልፍ ወደ ሌላ ግዛት የሚጓዝ ከሆነ የአውሮፕላኑና የሆቴሉ ለብቻው ይታሰባል። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ ወይም በሚኒሶታ ልጅ የሚያሳድግ ኢትዮጵያዊ ወላጅ ወረቀቱን ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ትምህርቱ ነፃ አልነበረም እንዴ?» ብሎ ነው። ለጥያቄው የሚሰጠው የተለመደ መልስ አጭር ነው፦ መንግሥት በጀት ቀነሰ፣ ወላጅ ጎደሎውን ሞላ። መልሱ ውሸት አይደለም። ግን ታሪኩን ከመሃል የሚጀምር ይመስለኛል። የትምህርት ቤት ባንድ ገና ሲወለድ ጀምሮ ቤተሰብን ገዢ አድርጎ የተዘረጋ ገበያ ነበር፤ ክፍያው ዛሬ ካለበት ያደረሰው ደግሞ ከበጀት ቅነሳው ይልቅ ውድድሩ ነው።

መነሻው ትምህርት ቤት አልነበረም። በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ትንንሽ ከተሞች ባንድ የአዋቂ ሰው ነገር ነበር። ባለሱቁ፣ ፀጉር አስተካካዩና አንጥረኛው ማታ ማታ ተሰብስበው ይለማመዳሉ፣ በበጋ ምሽት መናፈሻ ውስጥ ይጫወታሉ፣ የነፃነት ቀን ሲደርስ ከሰልፉ ፊት ይሄዳሉ። መሣሪያውን ወይ ራሳቸው ይገዛሉ፣ ወይ የከተማው ነጋዴ ያዋጣላቸዋል። ጆን ፊሊፕ ሱዛ ከ1880 እስከ 1892 የአሜሪካን የማሪን ጦር ባንድ መርቶ ከወጣ በኋላ የራሱን ባንድ ይዞ አገር ላገር ሲዞር ይህ ፍቅር ጣሪያ ነካ። በስሙ የተጠራው ሱዛፎን፣ ተጫዋቹ በትከሻው ላይ ጠምጥሞ የሚሸከመው ያ ግዙፍ መሣሪያ፣ የዚያ ዘመን ልጅ ነው። መሣሪያው በብዛት የሚሠራው በኢንዲያና ግዛት በኤልክሃርት ከተማ ነበር። የቻርልስ ኮን ፋብሪካ በ1870ዎቹ ከተከፈተ ወዲህ ሌሎችም በዙሪያው ተፈለፈሉና ከተማዋ በትራምፔትና በክላርኔት የምትተዳደር ሆነች።

ገበያው የቀዘቀዘው ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ጦርነቱ ለሠራዊት ባንዶች ብዙ መሣሪያ አሽጦ ነበር፤ በ1918 ሲያበቃ ትእዛዙም አብሮ አበቃ። ሸክላ ማጫወቻው፣ ሬዲዮውና አውቶሞቢሉ ተባብረው የከተማውን ባንድ አድማጭ በተኑት። ፋብሪካዎቹ አዲስ ገዢ ሲፈልጉ ዓይናቸው ያረፈው ተማሪ ላይ ነበር፤ ተማሪ በየዓመቱ አዲስ ይመጣል፣ ከኋላው ደግሞ ወላጅ አለ። በ1923 ቺካጎ ላይ የመጀመሪያው አገር አቀፍ የትምህርት ቤት ባንዶች ውድድር ሲካሄድ ያዘጋጁትም ወጪውን የቻሉትም መሣሪያ አምራቾቹ ራሳቸው ነበሩ። 30 ያህል ባንዶች መጡ፤ ያሸነፈው ከኦሃዮ፣ ከፎስቶሪያ ከተማ የመጣው ነው። በተከታዮቹ ዓመታት የሙዚቃ መምህራኑ ማኅበር ሥራውን ቢረከብም መንገዱ ተጠርጎ ነበር። አንድ የተሟላ ባንድ ምን ምን መሣሪያ ሊኖረው እንደሚገባ ዝርዝር ወጣ። ከዚያ ወዲህ ባሶን ወይም ኦቦ የሌለው ባንድ በዳኞች ፊት ጎደሎ ነው። በኢሊኖይ የጆሊየት ሃይስኩል በ1926፣ በ1927 እና በ1928 ተከታትሎ አገር አቀፉን ዋንጫ ሲወስድ የሌላው ከተማ ሰው «የእኛስ ልጆች ከማን ያንሳሉ?» ማለቱ አልቀረም። አስተማሪም አልጠፋም። ከጦር ባንድ የተመለሱ ወታደሮች ነበሩ። ከ1927 በኋላ ፊልም ድምፅ ሲያወጣ ከሲኒማ ቤት ሥራ የተፈናቀሉ ሙዚቀኞችም ተጨመሩባቸው።

እዚህ ላይ አንድ ዝርዝር ነገር ልብ ማለት ይገባል፤ ብዙውን የሚገልጠው እሱ ነው። በዚያ ዘመን የተለመደው የወጪ ክፍፍል እስከ ዛሬ ዘልቋል። ትልልቁንና ዋጋው የማይቀመሰውን፣ ሱዛፎኑን፣ ባሶኑን፣ የከበሮውን ዓይነት፣ ትምህርት ቤቱ ይገዛል፤ ትንንሹን፣ ፍሉቱን፣ ክላርኔቱን፣ ትራምፔቱን፣ አልቶ ሳክስፎኑን፣ ቤተሰብ ይገዛል። አንድ ባንድ ውስጥ ስንት ሱዛፎን፣ ስንት ክላርኔት እንዳለ የቆጠረ ሰው ሸክሙ ወደ ማን እንዳዘነበለ ወዲያው ይገባዋል። በ1942 መንግሥት የመሣሪያ ፋብሪካዎችን ወደ ጦር ምርት አዞራቸው። ከሰላሙ በኋላ ግን ሕፃናቱ ሲበዙና የከተማ ዳር ሰፈሮች ሲስፋፉ ሽያጩ እንደገና ተጧጧፈ። ባለሱቁ መስከረም ላይ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ መጥቶ መሣሪያዎቹን ጠረጴዛ ላይ ይደረድራል። ልጁ አንስቶ ነፍቶ ይሞክራል፣ ወላጁ በየወሩ እየከፈለ በመጨረሻ የራሱ የሚያደርግበትን ውል ይፈርማል። በስድስተኛ ክፍል የተፈረመው ውል ሃይስኩል ሳይደርስ ቢያልቅ እንኳ ሃይስኩል የተሻለ መሣሪያ ይፈልጋል። ሜሬዲት ዊልሰን «ዘ ሚዩዚክ ማን» የተባለውን ቴአትር በ1957 ብሮድዌይ ላይ ሲያቀርብ በዚህ ሁሉ ላይ ነበር የቀለደው፤ አንድ አጭበርባሪ ነጋዴ አዮዋ ውስጥ ካለች ትንሽ ከተማ ገብቶ፣ ወላጆችን ልጆቻችሁ ሊበላሹ ነው ብሎ አስፈራርቶ፣ የባንድ መሣሪያና ዩኒፎርም ይሸጥላቸዋል። ዊልሰን ሩቅ ሆኖ የሚያሽሟጥጥ ሰው አልነበረም፤ አዮዋ ተወልዶ አድጎ በወጣትነቱ በሱዛ ባንድ ውስጥ ፍሉት የተጫወተ ነው። ተመልካቹ የሳቀው ነገሩን ስለሚያውቀው ይመስለኛል።

ይህ የመክፈል ታሪክ ለሁሉም እኩል አልነበረም። በደቡብ ግዛቶች፣ ጥቁሮች በተለየ ትምህርት ቤት እንዲማሩ በሚገደዱበት ዘመን፣ ግብራቸው ወደ ነጮች ትምህርት ቤት ሲፈስ የራሳቸውን ልጆች ትምህርት ቤት ለማቆም እንደገና ከኪሳቸው ያዋጡ ነበር። የታሪክ ምሁሩ ጄምስ አንደርሰን ይህን ሁለት ጊዜ ግብር መክፈል ነው ብሎታል። ለግድግዳና ለጣሪያ ሁለቴ የከፈለ ሕዝብ ለጥሩምባ መንግሥትን እንደማይጠብቅ ግልጽ ነው። እንዲያም ሆኖ ከዚያው ድህነት መሃል በአሜሪካ ከሚደነቁት የማርሽ ወጎች አንዱ በቅሏል፤ በዊልያም ፎስተር መሪነት ከ1946 ጀምሮ የገነነው የፍሎሪዳ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ባንድና እሱን አይተው የተነሡት የደቡብ ሃይስኩል ባንዶች ምስክር ናቸው። ስለዚህ በ1980ዎቹ የመካከለኛ ገቢ ነጭ ወላጆች «ግብር ከፍለን ደግሞ እንከፍላለን?» ብለው ሲያጉረመርሙ ጥያቄው ለአገሩ አዲስ አልነበረም። አዲስ የሆነው ጠያቂው ነው።

ወጪውን ከመሣሪያ ግዢ አውጥቶ ዛሬ ወደምናየው ዝርዝር ያደረሰው የ1970ዎቹ ለውጥ ነው። በ1971 ድራም ኮር ኢንተርናሽናል ተቋቁሞ በ1972 በዊስኮንሲን፣ ዋይትዎተር ከተማ የመጀመሪያውን ሻምፒዮና አደረገ፤ ተወዳዳሪዎቹ ከትምህርት ቤት ውጭ የተደራጁ የወጣት ጓዶች ነበሩ። ትርኢታቸው በሰከንድ የተለካ፣ ሜዳው ላይ ያለው እያንዳንዱ እግር የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ የተነደፈ ነው። የሃይስኩል መምህራን አይተው ወደዱት። በ1976 በዚያው በዋይትዎተር የሃይስኩል ባንዶች አገር አቀፍ ሻምፒዮና ተጀመረ፤ ዛሬ ዋና መናኸሪያው ኢንዲያናፖሊስ ነው። ቀደም ሲል በየሳምንቱ የፉትቦል ጨዋታ እረፍት ላይ አዲስ ዜማ እየተጫወተ፣ ፊደል ወይም ኮከብ ሠርቶ የሚወጣው ባንድ፣ አሁን ወቅቱን ሙሉ አንድ የስምንት ደቂቃ ያህል ትርኢት ሲያለማምድ ይከርማል። ለዚያ ስምንት ደቂቃ ሙዚቃውን የሚያቀናብር ባለሙያ ይከፈለዋል። የታወቀ ዘፈን ከሆነ የቅጂ መብት ይከፈላል። እርምጃውን በኮምፒውተር የሚነድፍ ሌላ ባለሙያ አለ፤ የከበሮ አሠልጣኝ አለ፤ ባንዲራ እያወናጨፉ የሚጨፍሩት ልጆች የራሳቸው አሠልጣኝ፣ የራሳቸው ልብስና በየዓመቱ የሚለወጥ ባንዲራ አላቸው። ማሪምባና ቫይብራፎን ከሜዳው ፊት ለፊት ይደረደራሉ፤ ኋላ ላይ ማይክሮፎን፣ ስፒከርና ሲንተሳይዘር ተጨመረ። ይህን ሁሉ የሚጭን ከባድ መኪና፣ መኪናውን የሚነዳ፣ መድረኩን የሚገነባና እየገፋ ሜዳ የሚያስገባ የአባቶች ጓድ ያስፈልጋል። የአሠልጣኞቹን ደመወዝ በአብዛኛው የሚከፍለው የትምህርት ቢሮው ሳይሆን የወላጆች ደጋፊ ማኅበሩ ነው።

ከዚህ በኋላ ነው የበጀቱ ነገር የሚመጣው። ሰኔ 1978 የካሊፎርኒያ መራጮች «ፕሮፖዚሽን 13» የተባለውን ሐሳብ አጸደቁ፤ የንብረት ግብር ከንብረቱ ዋጋ 1 በመቶ እንዳያልፍ ተገደበና የአካባቢ መንግሥታት ከዚህ ግብር የሚያገኙት ገቢ ከግማሽ በላይ ወደቀ። ማሳቹሴትስ በ1980 የራሱን ገደብ አወጣ። በካሊፎርኒያዋ ሳንታ ባርባራ የሃይስኩሎቹ አስተዳደር በዚያው ዓመት ከበጀቱ 1.1 ሚሊዮን ዶላር ሲቀነስበት፣ በስፖርት፣ በቴአትር፣ በመዘምራንና በባንድ ለሚሳተፍ ተማሪ ለእያንዳንዱ 25 ዶላር ጣለ። ጉዳዩ ሃርትዜል በኮኔል ላይ በሚል መዝገብ እስከ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በ1984 ፍርድ ቤቱ ክፍያው የነፃ ትምህርትን ዋስትና ይጥሳል ብሎ ሻረው። ነጥብ ባያሰጥም ባንድ ትምህርት ነው፤ ለድሃ ልጅ ክፍያው የሚነሣለት መሆኑም ጥሰቱን አያድነውም አለ። ሁሉም ግዛት እንዲህ አላሰበም። የአይዳሆ ፍርድ ቤት በ1970 ከመደበኛው ትምህርት ውጭ ለሆነ ነገር ማስከፈል ይቻላል ብሎ ነበር፤ ዛሬም ሕጉ ከግዛት ግዛት ይለያያል። በካሊፎርኒያ እንኳ ፍርዱ በየትምህርት ቤቱ ሳይከበር ብዙ ዓመት ቆየ። በ2010 ግዛቲቱ ራሷ ተከሰሰች፤ በ2012 የወጣው ሕግ ክፍያን በግልጽ ከለከለ። ከዚያ ወዲህ ወረቀቱ የሚጠይቀው «በፈቃደኝነት የሚሰጥ ልገሳ» ነው፣ የሚጠበቀው መጠን ግን ከጎኑ ይጻፋል።

እንግዲህ የበጀት ቅነሳው ብቻውን ተጠያቂ ቢሆን ኖሮ ክፍያው የሚከብደው ድሃ ትምህርት ቤቶች ዘንድ ነበር። የሚታየው ግን ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው። ከፍተኛውን የሚያስከፍሉት በኢንዲያና፣ በቴክሳስና በመሳሰሉት ግዛቶች ሀብታም የከተማ ዳር ሰፈሮች ያሉ፣ ለፍጻሜ የሚደርሱ ባንዶች ናቸው። ከአንድ ጊዜ በላይ አገር አቀፉን ሻምፒዮና የወሰደው ባንድ ያለባት የኢንዲያናዋ ካርሜል ከግዛቱ ባለጸጋ ከተሞች አንዷ ናት። የዓመታቱ ቅደም ተከተልም ይመሰክራል፤ የዋይትዎተሩ የሃይስኩል ሻምፒዮና የካሊፎርኒያን የግብር አመፅ በሁለት ዓመት ይቀድመዋል። ድሃው ትምህርት ቤት በጀት ሲቀነስበት ባንዱን ያጥፋል ወይም ያሳንሳል፤ ሀብታሙ ግን በዚያው ጊዜ ያሳድገዋል፣ ልዩነቱንም ወላጅ ይከፍላል። የበጀት ቅነሳው ያደረገው መንግሥት የሚሸፍነውን ወለል ዝቅ ማድረግ ነው። ጣሪያውን ከፍ ያደረገው ግን ጎረቤት ትምህርት ቤትን ለመብለጥ የተደረገው ሩጫ ነው፤ ይህ ሩጫ ደግሞ በተፈጥሮው ማቆሚያ የለውም፣ አንዱ ስፒከር ሲጨምር ሌላው ያለ ስፒከር ጎደሎ ይሆናልና።

«ማንም አልተገደደም፤ የማይችል ይተወው» የሚል ወላጅም አለ፤ ክርክሩ የሚናቅ አይደለም። በግል የሚደራጁት የእግር ኳስ፣ የቤዝቦልና የጂምናስቲክ ቡድኖች ለአንድ ልጅ ከባንድ እጅግ የበለጠ ያስወጣሉ፤ ባንድ ግን ባለሙያ አስተማሪ፣ በሳምንት ብዙ ሰዓት ልምምድና ሁሉንም የሚቀበል ሰልፍ ይሰጣል፤ ተጠባባቂ ወንበር ላይ የሚውል ልጅ የለም። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ነገር ግን ባንድ የግል ክለብ አይደለም። በብዙ ትምህርት ቤት ክፍለ ጊዜ ተመድቦለት ውጤት የሚሰጥበት ኮርስ ነው፣ አንዳንዱ ጋ የስፖርት ትምህርቱን ይተካል፤ የመጸው ሰልፉን ያልተቀላቀለ ልጅም በክረምቱ የኮንሰርት ባንድ ውስጥ ቦታ የማያገኝበት ትምህርት ቤት አለ። ስለዚህ የሚተወው ሰልፉን ብቻ አይደለም፤ ከአምስተኛ ወይም ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ የተማረውን መሣሪያ ነው። የክፍያ ምሕረቱ ነገርም እንደሚባለው ቀላል አይደለም። ምሕረት ለማግኘት ልጁ ወይም ወላጁ ችግሩን ለመምህር፣ አንዳንዴም ጎረቤት ለሆነ ገንዘብ ያዥ መንገር አለበት። እጅ አጠረኝ ማለት የሚከብደው አባት ልጁ «አልፈለገውም» ብሎ መተውን ይመርጣል፤ ከዝርዝሩ የጎደለው ስም ደግሞ የትም አይመዘገብም።

ሌላ ዓይነት አከፋፈል ሊኖር እንደሚችል ለማየት ከአሜሪካ መውጣት አያስፈልግም። በኒው ኦርሊንስ የማርዲ ግራ ካርኒቫል ሰልፎችን የሚያዘጋጁት የከተማው ማኅበራት ለሃይስኩል ባንዶች ይከፍላሉ፤ ገንዘቡም ለመሣሪያና ለዩኒፎርም ይውላል። ከተማው ሰልፉን ያለ ባንድ ማሰብ ስለማይችል ልጆቹ እንደ ሠራተኛ ይታያሉ። በዚህ መንገድ ስመ ጥር ከሆኑት አንዱ፣ የቅዱስ አውግስጢኖስ ሃይስኩል ባንድ፣ በ1967 የነጮች ብቻ በነበረው የሬክስ ሰልፍ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለፈው የጥቁሮች ባንድ ነው። በኢትዮጵያ ደግሞ ማርሽ የገባው በቤተ መንግሥት በር ነው። ራስ ተፈሪ በ1924 ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸውን፣ ከዘር ፍጅት የተረፉ 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች አዲስ አበባ አስመጥተው በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት ባንድ አቋቋሙ፤ በ1930ው የንግሥ በዓል ላይ የተሰማውን መዝሙር የደረሰውም እሱ ነው። ቀለቡም፣ ደመወዙም፣ ጥሩምባውም ከዘውዱ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ባንዶችም በመንግሥት ወጪ የሠለጠኑ ናቸው፤ የማንም እናት ለመለዮ አላዋጣችም። ግን ሙዚቀኛው ወታደር ነበር፣ የሚጫወተውም የታዘዘውን ነው። ከፋዩ ማንም ይሁን ማን ዜማውን መምረጡ አይቀርም፤ በአሜሪካው ሃይስኩል ወላጅ እየከፈለ የሚመርጡት የውድድር ዳኞች መሆናቸው ነው ነገሩን የሚያስገርመው።

ወላጆች ያገኙት መውጫ ሥራ ነው። ቸኮሌት፣ ብርቱካን፣ ብስኩት መሸጥ፤ መኪና ማጠብ፤ በስታዲየም መሸጫ ቆመው ሆት ዶግና ለስላሳ መጠጥ እያቀረቡ ድርሻውን ለማኅበሩ ማስገባት። ብዙ ማኅበራት አንድ ቤተሰብ የሠራውን ያህል ከልጁ ሒሳብ ላይ ይቀንሱለት ነበር፤ ላቡን ያፈሰሰ ይጠቀም በሚል ፍትሕ። የፌዴራል የግብር ፍርድ ቤት ግን በ2013 በአንድ የጂምናስቲክ ወላጆች ማኅበር ጉዳይ ይህ አሠራር ከግብር ነፃ የሆነ በጎ አድራጎት ድርጅትን ለግል ጥቅም ማዋል ነው ብሎ ወሰነ፤ ገንዘቡ የጋራ መሆን አለበት። ውሳኔው በሕግ ዓይን ትክክል ይመስለኛል፤ የመታው ግን ገንዘብ ሳይኖረው ጉልበት የነበረውን ቤተሰብ ነው። ቅዳሜና እሑድ ታክሲ የሚነዳ ወይም ሆስፒታል በፈረቃ የሚያድር ወላጅ ደግሞ ቀድሞውንም ጉልበቱን በዚያ ሰዓት ማምጣት አይችልም ነበር። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ውድድሩን ትተው ለጨዋታና ለከተማ ሰልፍ ብቻ መጫወትን መርጠዋል። እንዲህ ያለው ባንድ ነዳፊም ከባድ መኪናም አያስፈልገውም፤ ለቤተሰብ የሚቀረው የጫማ፣ የክላርኔት ሸምበቆና የትራምፔት ዘይት ወጪ ነው። ምርጫው ያልተስፋፋበት ምክንያትም አይሰወርም፤ በብዙ ከተማ የትምህርት ቦርዱ መምህሩን የሚመዝነው፣ ወላጁም ባንዱን ለማቆየት የሚከራከረው፣ መተላለፊያው ላይ ባለው የመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ በተደረደሩት ዋንጫዎች ነው።